ለግጥም የሚሆን ነገር ከደጃችን



በየዓመቱ ዘመን መለወጫ ሲቃረብ ወንድሞችና እኅቶች ለዚች ወረቀት የሚያቀርቡልን ግጥም ብዙ ነው። ብዛቱ ደስ ቢያሰኘንም ቅሉ፣ አንዱን አንብበን ሁለተኛውን ስናነሣ ያንኑ የመጀመሪያውን መልሰን የምናነብ እየመሰለን እንቸገራለን። በሁሉም ዘንድ አደይ አበባ ፈክታለች፤ በሁሉም ዘንድ ጨረቃ ደምቃለች፤ በሁሉም ዘንድ አዕዋፍ ይዘምራሉ። የትኛዋ ወፍ፣ በየትኛው ዛፍ ላይ ሆና፣ በስንት ሰዓት እንደ ዘመረች ግን የሚነግረን የለም። ጸሐፊዎቹን ቀረብ ብለን ስንጠይቃቸው «ምን እናድርግ? እኛ ያለነው ከተማ ውስጥ ነው፤ ተፈጥሮን ከየት እናምጣት?» ይሉናል።

በዛሬው ትምህርታችን ይህን ጥያቄ እንመለከታለን። ሐሳባችንን አስቀድመን ለመናገር ያህል፣ ለግጥም የሚሆን ነገር በየደጃችን ሞልቶ ተርፏል፤ የጎደለን አንዱን መርጠን፣ ቆም ብለን፣ እስኪበቃን ድረስ ማየት ነው። ቤት መምታቱና ስንኝ መቁጠሩ ከዚያ በኋላ የሚመጣ፣ በጥቂት ልምምድ የሚገኝ ነገር ነው።

ሰምና ወርቅ የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። አንጥረኛው ጌጥ ሲሠራ አስቀድሞ የጌጡን መልክ በሰም ይቀርጻል፤ በሰሙ ላይ ጭቃ ይለብጥበታል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በጭቃው ውስጥ ባዶ ቅርጽ ይቀራል። በዚያ ባዶ ቦታ የቀለጠውን ወርቅ ያፈስበታል። ጭቃው ሲሰበር ወርቁ የሰሙን መልክ ይዞ ይወጣል፤ ሰሙ ጠርዙ የተጣመመ እንደ ሆነ ወርቁም ጠርዙ ተጣሞ ይወጣል። እኛ ወጣቶች ግጥም ስንጽፍ ብዙውን ጊዜ ወርቁን ለማፍሰስ እንቸኩላለን። ስለ ሕይወት፣ ስለ ሞት፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ተስፋ እንጽፋለን፤ ሁሉም መልካም ወርቅ ነው፤ ነገር ግን የሚፈስበት ቅርጽ ስላላዘጋጀን መሬት ላይ ይፈስሳል። ዓይናችን ያየው፣ ጆሯችን የሰማው፣ እጃችን የዳሰሰው ነገር ሰሙ ነው። የቅኔ ተማሪዎችም ቅኔ ለመቁጠር ከሰው ተለይተው ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር የሚቀመጡት ለጸጥታው ብቻ አይመስለንም። ከቅኔ ሁሉ አጭሩ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ለእነዚያ ሁለት ቤቶች ስንት ሰዓት በሜዳ እንደሚቀመጡ ቅኔ የተማረ ሰው ብትጠይቁ ይነግራችኋል።

ስለ ቅዱስ ያሬድ በትውፊት የሚነገረውንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ይህ የዜማ አባት ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ሸሽቶ ሲሄድ ከአንድ ዛፍ ሥር ተጠለለ፤ በዚያም አንዲት ትል ወደ ዛፉ ስትወጣ፣ ስትወድቅ፣ ደግሞ ስትወጣ ተመለከተ ይባላል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረን ትዕግሥትን ለማስተማር ነው። እኛ ግን ለዛሬው ጉዳያችን ሌላ ነገር እናይበታለን። ትሊቱን አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ መንገዱን የቀጠለ ሰው «ትል ወደቀች» ብሎ ያልፍ ነበር። ስትጨርስ ያየው እስክትጨርስ ድረስ የተቀመጠው ሰው ነው። መዝሙረ ዳዊትን የሚያዘወትር ወጣትም 103ኛውን መዝሙር (በሌላው አቆጣጠር 104ኛውን) በዚህ ዓይን ያንብበው። መዝሙረኛው «እንስሳት» ብሎ በጅምላ አያልፍም፤ የሜዳ አህያውን፣ ሽመላውን፣ በድንጋይ መካከል የሚሸሸገውን ሽኮኮ እያንዳንዱን በስሙ ይጠራል፤ ማን በየት እንደሚያድር፣ ማን በሌሊት ወጥቶ ማን በቀን እንደሚወጣ ሳይቀር ይነግረናል።

ከዚህ ላይ ወደ ስም እንምጣ። ክረምት ገባና «ዝናብ ዘነበ» ብለን ጻፍን እንበል። የምን ዝናብ? አማርኛችን ለዝናብ ያለው ስም ስንት ነው! ልብስ ሳያርስ ፊት ላይ ብቻ ብን ብን የሚለው ካፊያ ነው። ነፋስ እየገፋው በመስኮትና በበር የሚገባው ወጨፎ ነው። ፋታ ሳይሰጥ ከላይ የሚገለበጠው ዶፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳይጠናም ሳያባራም ሲውል እኝኝ አለ እንላለን። ከጣራው ጠርዝ የሚወርደው ጠፈጠፍ ነው። በማለዳ በሣሩ ላይ የምናገኘው ጤዛ ነው፤ በደጋው ብርድ ሣሩን ነጭ የሚያደርገው ደግሞ አመዳይ። እነዚህን ቃላት ለጌጥ ብለን አይደለም የምንዘረዝራቸው። ወጨፎ የሚል ግጥም ቤቱን ይዞ ይመጣል፤ መስኮቱ ይታያል፤ ተነሥታ የምትዘጋው እናት ትታያለች። ጠፈጠፍ የሚል ግጥም ከሥሩ ባልዲ ተደቅኖበታል። «ዝናብ» ብቻ ካልን ግን ማን እንደ ረጠበ እንኳ አይታወቅም።

በአበባም ነገር እንደዚሁ ነው። ጽጌረዳ የሌለባት የፍቅር ግጥም ደርሳን አታውቅም፤ ያቺ ጽጌረዳ ግን ብዙውን ጊዜ ከፖስት ካርድ ላይ የተቀነጠሰች ናት። በደጋው አገራችን በየአጥሩና በየጥሻው የሚበቅለው ቀጋ የዚያችው የጽጌረዳ ወገን ነው። አበባው ነጭ ነው፤ እሾሁ ክፉ ነው፤ ፍሬው ሲበስል ቀላ ይላል፤ ከብት የሚጠብቁ ልጆች እየለቀሙ ይበሉታል። ፍሬውን ለመልቀም እጁን ሰድዶ የተቧጨረ ልጅ ስለ ፍቅር ሊጽፍ ቢነሣ፣ ሌላ ሰው ያላየው ነገር በእጁ አለ። የዕፅዋትን ስም የማታውቁ ከሆነ አያቶቻችሁን ጠይቁ። ዳማከሴውን ከጤና አዳሙ፣ ግራዋውን ከእንዶዱ ለይተው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ እኛ ሁሉንም «ቅጠል» ብለን ከጠራነው ስሞቹ ከእነርሱ ጋር መቃብር ይወርዳሉ። ይህ የግጥም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ግን የግጥምም ጉዳይ ነው።

አንድ ሁልጊዜ የሚያከራክረንን ነገር እናንሣ። በዘመን መለወጫ ግጥሞች ሁሉ «ጸደይ መጣ» ይባላል። በአገራችን የዘመን አከፋፈል ግን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ ነው። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን እንቁጣጣሽ ስንል ገና በክረምት ውስጥ ነን፤ ያን ዕለት በአዲስ ጫማ ጭቃ የረገጠ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። ቤተ ክርስቲያናችንም ዘመነ ጽጌ የምትለው ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ጊዜ ነው። «የአበባ ወቅት ሁሉ ጸደይ ነው» የሚለው አነጋገር ከባሕር ማዶ መጻሕፍት የተቀዳ ይመስለናል። በአውሮፓ ጸደይ ከበረዶው በኋላ ይመጣል፤ የእኛ መስከረም የሚመጣው ከጭቃው በኋላ ነው። ጭቃውን ዘልሎ አበባውን ብቻ የሚያነሣ ግጥም ግማሹን ነገር ትቶታል። ጃፓኖች ሐይኩ የሚሉት 17 ድምፅ ብቻ ያለው አጭር ግጥም አላቸው፤ በዚያ ጥቂት ቦታ ውስጥ እንኳ ወቅቱን የሚያስታውቅ አንድ ቃል እንዲገባ ልማዱ ያዝዛል። ያን ያህል ይጠነቀቃሉ።

የመስቀል ወፍም አለች። ግጥሞቻችን ሁሉ በመስከረም ብቅ ብላ ወዲያው እንደምትሰወር፣ ዓመቱን ሙሉ ከሰው ተለይታ እንደምትኖር ይናገራሉ። በየሜዳው ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። የመስቀል ወፍ እየተባሉ ከሚጠሩት ወፎች ወንዱ በመራቢያው ወራት ደማቅ ላባ ያወጣል፤ ወራቱ ሲያልፍ ያን ላባ አውልቆ እንደ ሴቲቱ ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ ወፉ ከእኛ የራቀበት ጊዜ የለም። በኅዳርም በጥርም በሣሩ መካከል ከጓደኞቹ ጋር ሲለቅም ይውላል፤ የበዓል ልብሱን ስላወለቀ ብቻ አናውቀውም። ሴቲቱ ደግሞ በመስከረምም ያው ቡናማ ናት፤ ስለ እርሷ የተጻፈ ግጥም እስካሁን አልደረሰንም። ከሁለቱ የትኛው ለግጥም ይበልጥ የሚመች ይመስላችኋል? በዓመት አንድ ጊዜ የምትሰወረዋ ወፍ፣ ወይስ አጠገባችን እያለ ልብሱን ስለ ቀየረ ያላወቅነው ወፍ? እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን። እውነት ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ልብሱን አይተን ሰላም ያልናቸውን፣ ልብሳቸውን አይተን ያለፍናቸውን ሰዎች ስለሚያስታውሰን ጭምር ነው።

ጨረቃንም በአጭሩ። ሙሉ ጨረቃ የምትወጣው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ በምሥራቅ በኩል ነው። አዲሷ ቀጭን ጨረቃ ደግሞ ፀሐይ እንደ ጠለቀች በምዕራብ ታይታ ብዙም ሳትቆይ ትገባለች። «ሙሉዋ ጨረቃ በእኩለ ሌሊት ከተራራው ብቅ አለች» የሚል ስንኝ ከተጻፈ ጸሐፊው ያን ሌሊት ተኝቶ ነበር ማለት ነው።

አሁን ከመካከላችን ስለ አንዲት እኅት እንናገር፤ ስሟ ለእኛ ይቆይልን። ወንድሟ ባረፈ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አንድ ግጥም ይዛ መጣች። 24 ስንኝ ነበረው። መሪር ሐዘን፣ ጽልመት፣ የዕንባ ጎርፍ፣ የተሰበረ ልብ፣ ሁሉም ነበረበት። ሐዘኗ እውነተኛ ለመሆኑ ምስክሮቹ እኛው ነን፤ ድንኳኑ ውስጥ አብረናት ተቀምጠናል። ነገር ግን ግጥሙ የማንም ሰው ወንድም በሞተ ጊዜ ሊነበብ የሚችል ነበር። የእርሷ ወንድም በውስጡ አልነበረም። ይህን በዚያ ሰዓት አፍ አውጥቶ መናገር ጭካኔ ይሆናልና ሁላችንም ዝም አልን። ከእኛ በዕድሜ የሚበልጥ አንድ ወንድም ግን ቆየት ብሎ «እኅቴ፣ ድንኳኑ የተነሣ ዕለት ምን አየሽ?» ሲል ጠየቃት።

«ምንም» አለች። ጥቂት ቆይታ «ዛፉን» አለች።

የሠልስቱ ዕለት ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጥቶ ሰው ሁሉ በግቢያቸው ካለው ትልቅ ብሳና ሥር ተጠልሎ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ሰዉ «እግዜር ያጽናችሁ» እያለ ወደየቤቱ ተበተነ። እርሷ ከዛፉ ሥር እንደ ተቀመጠች ቀረች፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ በራሷ ላይ ግን አሁንም ጠብ ጠብ ይላል። የነገረችን ይህን ብቻ ነው። ወንድማችንም «እርሱን ጻፊው፤ ሌላ አትጨምሪበት» አላት። በሁለተኛው ሳምንት 24ቱን ስንኝ ትታ ሁለት ስንኝ ይዛ መጣች።

ዝናቡ አባርቶ፣ ሰው ቤቱ ገብቷል፤
ከዛፉ ሥር ግን ገና ይዘንባል።

ሐዘን የሚል ቃል የለበትም፤ ዕንባም አልተባለም። ከዛፍ ሥር ቆሞ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እውነትነቱን ያረጋግጣል፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ቅጠሉ የያዘውን ውሃ ቀስ በቀስ ይለቀዋልና። ሰሙ ይኸው ነው፤ ምንም አልተጣመመም። «ሰው ቤቱ ገብቷል» የሚለውን ደግሞ ድንኳን ተነሥቶ ለቅሶተኛ ሲበተን ያየ ሰው ሁሉ በሌላ ጆሮ ይሰማዋል። ስታነብልን እናቷ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። «ልክ ነው፤ አሁንም ይዘንባል» አሉ፤ ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

ስለ ስንኙ ልክ ለሚጠይቁን ይህ አምስት አምስት የሚመታ ነው፤ ሰንጎ መገን ይባላል። «ከ-ዛ-ፉ-ሥር-ግን» አምስት፣ «ገ-ና-ይ-ዘን-ባል» አምስት። ድምፅ የሌለው ሳድስ ከፊቱ ካለው ፊደል ጋር ተያይዞ አንድ ሆኖ ይቆጠራል፤ «ዝናቡ አባርቶ» በሚለውም የ«ቡ» እና የ«አ» ድምፅ ተዋውጦ እንደ አንድ ይነበባል። ስድስት ስድስት የሚመታው የወል ቤት ከዚህ ሰፋ ያለ ስለ ሆነ ለጀማሪ እርሱም ይመቻል። በጣት መቁጠር አያሳፍርም። ቤት በመምታት በኩል ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ቤቱ ግጥሙን እንዲጎትተው አትፍቀዱለት። ለምሳሌ እኛው አሁን የምንፈጥረውን ይህን ስንኝ ተመልከቱ፦

ጨረቃዋ ወጣች በሰማይ ላይ ደምቃ፣
ልቤም ደስ ብሏታል ከእንቅልፏ ነቅታ።

ልብ ከእንቅልፏ የነቃችው «ደምቃ» የሚል ቃል ስለ ቀደመ ብቻ ነው። ይህም ሆኖ ቤቱ በደንብ አልመታም፤ «ቃ» እና «ታ» ራብዕ መሆናቸው ብቻ ነው የሚያገናኛቸው። ላልሆነ ነገር ዋሽተን ቤቱንም ሳናገኘው ቀረን ማለት ነው። ቤት የሚመታ ቃል ስትፈልጉ ከአእምሯችሁ ከመፈለጋችሁ በፊት ወዳያችሁት ነገር ተመለሱ፤ ብዙ ጊዜ ቃሉ እዚያው ወድቆ ይገኛል።

አሠራሩን ለሚሹ ደግሞ እኛ ስንለማመድ የምናደርገውን እንንገራችሁ። አንድ ነገር እንመርጣለን፤ ትልቅ ነገር አንመርጥም። ተራራ ለጀማሪ ይከብዳል፤ ጉንዳን ይበቃል። ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጠን ያየነውን በተራ ቃል እንጽፋለን፤ በዚያች ሩብ ሰዓት «እንደ» የሚል ቃል መጻፍ ክልክል ነው። «እንደ ዕንቁ»፣ «እንደ እናት» ማለት ስንጀምር ዓይናችን ከነገሩ ይነሣና የሰማነውን ማንበብ እንጀምራለንና ነው። ቅጽሉን ትተን ግሡን እንይዛለን፦ ምን አደረገ? ወጣ፣ ተንጠለጠለ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። ወረቀቱን አጣጥፈን ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን እናስቀምጠዋለን። ስንመለስበት አብዛኛው ይሰረዛል፤ አንድ ወይም ሁለት መስመር ግን ይተርፋል። ስንኝ የምንቆጥረው ከዚያ በኋላ ነው። በመጨረሻ ላይ «ስለዚህ ወጣቶች ሆይ» የሚል ስንኝ ልትጨምሩ እጃችሁ ሲበላችሁ እርሳሱን አስቀምጡት። ይህ ስንኝ በስንቱ መልካም ግጥም ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳገኘነው ቆጥረን አንጨርስም።

«ከተማ ነን» ላላችሁት ደግሞ በከተማ ያሉ፣ ማንም ገና ያልነካቸውን ጥቂት ነገሮች እንጠቁማለን። በቆርቆሮው ክዳን ሥር ገለባ የምታመላልሰው ድንቢጥ አለች፤ ስንት ጊዜ እንደምትመላለስ የቆጠረ የለም። ሥጋ ተሸክሞ በሚሄድ ሰው ራስ ላይ የሚያንዣብበው ጭልፊት አለ። በአስፋልቱ ስንጥቅ የሚበቅለው ሰርዶ አለ። ባሕር ዛፍም አለ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር መጥቶ የአዲስ አበባን ኮረብታ የሸፈነው ነጭ ባሕር ዛፍ ልጅ ሳለ ቅጠሉ ሰፊና አመድማ ነው፤ ሲያድግ ቀጭን፣ ረጅምና ቆልማማ ይሆናል። ያደገው ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ቅጠል ደግሞ እንደገና የልጅነቱ ሰፊ ቅጠል ነው። በየመንገዱ ዳር ጉቶ ሞልቷል፤ ግጥሙን ይዞ የመጣ ግን እስካሁን የለም። ወንዝ አጠገብ የምትኖሩም በክረምት ማታ የእንቁራሪቱን ጫጫታ ስትሰሙ ቀስ ብላችሁ ተጠጉት፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም ይላሉ። ራቅ ስትሉ እንደገና ይጀምራሉ። የትኛው ቀድሞ እንደሚጀምር አይታችሁ ጻፉልን፤ ገጻችን ጠባብ ስለ ሆነች ከስምንት ስንኝ አይብለጥ።